ሁለት የጀርባ ሻንጣ በካሪቢያን ዳርቻ፦ የጎብኝ ገንዘብ ማን እጅ ይገባል?

የቱሪዝም ነገር ሲነሳ የብዙዎቻችን ዓይን የሚሄደው ወደ ትልልቅ ሆቴሎችና ውድ ካሜራ ወዳነገቱ ቡድኖች ነው። ነገር ግን አልጋ አስቀድሞ የማይዝ፣ ልብሱን በአንድ ሻንጣ ጠቅልሎ በጀርባው የሚያዝል፣ በሕዝብ አውቶቡስ የሚሳፈርና ከመንገድ ዳር የሚበላ ሌላ ዓይነት ተጓዥም አለ። አንዳንድ አገሮች ይህን ተጓዥ «ገንዘብ የሌለው» ብለው ይንቁታል። ኑሯቸውን በእርሱ ላይ ያቆሙ ከተሞችም አሉ። ይህ ጽሑፍ ከእነዚህ መካከል ሁለት ጎረቤታሞችን ይመለከታል፤ በኮስታ ሪካ የካሪቢያን ዳርቻ የሚገኙትን ፑዌርቶ ቪዬሆንና ካዊታን።

ኮስታ ሪካ በመካከለኛው አሜሪካ፣ በኒካራጓና በፓናማ መካከል የምትገኝ አገር ስትሆን ስፋቷ 51 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ሕዝቧ ደግሞ 5 ሚሊዮን ገደማ ነው። በምዕራብ የፓስፊክ ውቅያኖስ፣ በምሥራቅ የካሪቢያን ባሕር ያዋስኗታል። አብዛኛው ጎብኝ የሚጎርፈው ትልልቅ ሆቴሎች ወደተሠሩበት ወደ ፓስፊኩ ዳርቻ ነው። በደቡብ ምሥራቅ ጥግ ያለችው የታላማንካ ወረዳ ግን በአገሪቱ የልማት መለኪያ ከመጨረሻዎቹ ተርታ የምትሰለፍ ናት። ሁለቱ ከተሞች የሚገኙት በዚህች ወረዳ ውስጥ ነው።

ነገሩን ለማስረዳት ያህል አንድ ወጣትና አንዲት ወጣት፣ እያንዳንዳቸው አንድ የጀርባ ሻንጣ ይዘው፣ አንድ ሳምንት በዚያ ቢያሳልፉ ውሏቸው ምን እንደሚመስል እንከተል። ጥንዶቹ ለምሳሌ የቀረቡ ናቸው። ቦታዎቹ፣ ታሪኮቹና ሕጎቹ ግን በእውን ያሉ ናቸው።

ከዋና ከተማዋ ከሳን ሆሴ የሚነሳው አውቶቡስ በደን የተሸፈነውን ተራራ አቋርጦ፣ ሰፋፊ የሙዝ እርሻዎችን አልፎ፣ ከወደብ ከተማዋ ከሊሞን ወደ ደቡብ ይታጠፍና ከአምስት ሰዓት ያህል ጉዞ በኋላ ፑዌርቶ ቪዬሆ ይደርሳል። ሳን ሆሴ ከባሕር ጠለል በላይ 1 ሺህ 100 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በመሆኗ ጉዞው ከወይና ደጋ ወደ ቆላ እንደመውረድ ነው። ተሳፋሪው በመንገዱ አጋማሽ ሹራቡን ያወልቃል፤ ሲደርስ ደግሞ ሙቀትና እርጥበት እንደ እንፋሎት ፊቱን ይመታዋል። ዝናቡ ወቅት አይመርጥም። በሌላው የአገሪቱ ክፍል ክረምቱ በሚበረታባቸው በመስከረምና በጥቅምት ወራት ግን ይህ ዳርቻ የተሻለ ፀሐይ ያገኛል።

ከተማዋ ትንሽ ናት። ቤቶቿ በአብዛኛው ከእንጨት የተሠሩ ቆርቆሮ የለበሱ ሲሆኑ ብዙዎቹ ከመሬት ከፍ ብለው በምሰሶ ላይ ቆመዋል። ጥንዶቹ የሚያድሩት በአንድ ክፍል ብዙ ተደራራቢ አልጋ በተደረደረበት፣ ማዕድ ቤቱ የጋራ በሆነ፣ በግቢው ከዛፍ ዛፍ የመረብ አልጋ በተወጠረበት ርካሽ ማደሪያ ነው። የመጀመሪያውን ቀን ምንም ሳይሠሩ በዚያ መረብ ላይ ተጋድመው የዝናብ ድምፅ ሲያዳምጡ ይውላሉ። ለአርሶ አደር ጆሮ ይህ ስንፍና ሊመስል ይችላል። ማደሪያው የሚከራየው ግን በዚሁ ስንፍና ነው፤ አንድ ቀን የዋለ እንግዳ ሦስት ጊዜ ይመገባል፣ ልብሱን ያሳጥባል፣ የኮኮናት ውኃ ይጠጣል። የቡድን ጎብኝ በአውቶቡስ መጥቶ ፎቶ አንሥቶ ሲመለስ ይህን ሁሉ ይዞ የመጣው ከሌላ ቦታ ነው።

በማግሥቱ ብስክሌት ይከራያሉ። ከፑዌርቶ ቪዬሆ እስከ ማንዛኒዮ ያለው 13 ኪሎ ሜትር መንገድ ሜዳ ነው፤ በግራ ባሕሩ፣ በቀኝ ደኑ ይታያል። በመካከሉ ኮክሌስ፣ ቺኪታና ፑንታ ኡቫ የሚባሉ የአሸዋ ዳርቻዎች አሉ። ቀና ብሎ የሚያይ ሰው ከቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ የሚያንቀላፋውን ስሎዝ ያገኛል። ይህ እንስሳ ቅጠል በል ሲሆን ከዛፍ የሚወርደው በሳምንት አንድ ጊዜ ያህል፣ ያውም ለመጸዳዳት ነው። ንጋት ላይ ደግሞ የጦጣ መንጋ የአንበሳ ግሳት የሚመስል ጩኸት ያሰማል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማ እንግዳ ከአልጋው ዘልሎ ይነሣል፤ ጯኺው ግን ከአንድ መካከለኛ ውሻ አይበልጥም።

ምሳ የሚበሉት በመንገዱ ዳር ከአንዲት እናት ቤት ነው። የአካባቢው መለያ ምግብ ሩዝና ባቄላ መሰል ጥራጥሬ በኮኮናት ወተት የሚበስልበት ነው። ኮኮናቱ ይፈቀፈቅና በውኃ ታሽቶ ይጨመቃል፤ ነጩ ወተት ከሩዙ ጋር ይጣዳል፤ ጦስኝ መሰል ቅጠልና አንድ ሙሉ ሚጥሚጣ አከል ቃሪያ ከላይ ይቀመጣል። ቃሪያው ሳይቆረጥና ሳይፈነዳ መውጣት አለበት። መዓዛውን ብቻ ትቶ ከወጣ ባለሙያዋ ትመሰገናለች፤ ከፈነዳ ድስቱ አይቀመስም። ሮንዶን የሚሉት ሌላው ወጥ ዓሣን፣ ካሳቫን፣ ጎደሬ መሰል ሥራሥርንና ጥሬ ሙዝን በዚያው የኮኮናት ወተት የሚያዋህድ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ኮስታ ሪካ ስፓኒሽ ተናጋሪ ሆና ሳለ በዚህ ዳርቻ እናቶች በእንግሊዝኛ ቅይጥ ቋንቋ የሚጣሩት፣ የጃማይካን ምግብ የሚያበስሉት ለምንድን ነው? በአካባቢው የቃል ታሪክ መሠረት ከጥቁር ሕዝቦች ወገን በመጀመሪያ የሰፈረው ዊሊያም ስሚዝ የተባለ የባሕር ኤሊ አዳኝ ሲሆን ዘመኑም እ.ኤ.አ 1828 ነው። ከ1872 ጀምሮ ደግሞ ከሳን ሆሴ እስከ ሊሞን ለሚዘረጋው የባቡር ሐዲድ ሥራ ከጃማይካ ብዙ ሠራተኞች መጡ። ሐዲዱ ሲያልቅ አንዳንዶቹ በሙዝ እርሻዎች ተቀጠሩ፤ ሌሎች ወደ ደቡብ ወርደው ኮኮዋና ኮኮናት ተከሉ። ልጆቻቸው በአገሩ ተወልደው ሳለ ዜግነት ሳያገኙ ለአሥርት ዓመታት ኖረዋል። መብታቸው የተከበረው ከ1948ቱ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ነው።

ቸኮሌት የሚሠራበት ኮኮዋ የእነዚህ ቤተሰቦች የኑሮ ምሰሶ ነበር። እንደ ቡናችን ጥላ የሚወድ ተክል በመሆኑ አርሶ አደሮቹ ትልልቁን ዛፍ ሳይቆርጡ ከሥሩ ይተክሉታል። ፍሬው የሚያድገው ከቅርንጫፍ ጫፍ ሳይሆን በቀጥታ ከግንዱ ላይ ነው፤ መጠኑ ትንሽ ዱባ ያህላል። ሲከፈት በነጭ ጣፋጭ ልባስ የተሸፈኑ ዘሮች ይወጣሉ። ዘሮቹ በእንጨት ሳጥን ውስጥ በሙዝ ቅጠል ተሸፍነው ለተወሰኑ ቀናት እንዲቦኩ ይደረጋል፤ ሳይቦካ የቸኮሌት ጣዕም አይመጣምና። ከዚያ በፀሐይ ይደርቃሉ፣ ይቆላሉ፣ ይፈጫሉ።

በ1970ዎቹ መጨረሻ ሞኒሊያ የተባለ የፈንገስ በሽታ ወደ ታላማንካ ገባ። በሽታው ፍሬውን ከውስጥ ያበሰብሰዋል፤ ከዚያም ላዩ ላይ ነጭ ዱቄት ይወጣል። ያ ዱቄት ዘረ በሽታው ነው፤ ነፋስ ይበትነዋል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የአካባቢው ምርት አብዛኛው ጠፋ። የቡና ፍሬ በሽታ እ.ኤ.አ በ1971 ወደ አገራችን ሲገባ በደቡብና በምዕራብ ያሉ ቤተሰቦች ምን እንደደረሰባቸው ለሚያስታውስ አንባቢ ሁኔታውን መገመት አይከብድም። ብዙዎች ማሳቸውን ትተው ሄዱ። አንዳንዶች መሬታቸውን በርካሽ ሸጡ። ለኮኮዋው ጥላ ይሆን የነበረው ዛፍ ግን አልተቆረጠም ነበርና የተተወው ማሳ ቀስ በቀስ ደን ሆነ፤ ስሎዙም ጦጣውም በዚያ ተባዛ። ዛሬ ባለ ብስክሌቶቹ ጥንዶች አንገታቸውን ቀና አድርገው የሚያዩት ደን በከፊል የአንድ ትውልድ የጠፋ ማሳ ነው።

እስከ 1970ዎቹ ድረስ ፑዌርቶ ቪዬሆ የመኪና መንገድ አልነበራትም። መንገዱ የገባው በሽታው ከገባበት ጊዜ ጋር ተቀራርቦ ነው። በመንገዱም መጀመሪያ የመጡት ባለ ጀርባ ሻንጣዎቹ ነበሩ፤ በተለይ በሞገድ ላይ በሰሌዳ የሚንሸራተቱ ወጣቶች። ከከተማዋ ፊት ለፊት ጥልቁ ባሕር በድንገት ከኮራል አለት ጋር ሲጋጭ የሚፈጠር ብርቱ ሞገድ አለ። ስሙ ሳልሳ ብራቫ ነው፤ «የተቆጣ ስልስ» እንደማለት። ቃሉ ለእኛም እንግዳ አይደለም፣ ወጥ ቤታችን ያለው «ስልስ» ከጣሊያንኛው «ሳልሳ» የመጣ ነውና። ሞገዱ ወጣቶቹን ሳበ፤ ወጣቶቹ የሚያድሩበት ፈለጉ፤ ኮኮዋው የጠፋበት ቤተሰብ አንድ ክፍሉን ለቀቀላቸው። የከተማዋ ቱሪዝም አጀማመር ይህን ያህል ቀላል ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጥንዶቹ ወደ ካዊታ ይሄዳሉ። ካዊታ ከፑዌርቶ ቪዬሆ በስተሰሜን በአውቶቡስ ግማሽ ሰዓት ያህል የምታስኬድ ከተማ ስትሆን ከዋናው መንገዷ ጫፍ ብሔራዊ ፓርክ ይጀምራል። 8 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነው የእግር መንገድ በነጭ አሸዋና በደን መካከል ያልፋል። ራኩን የተባለው ፊቱ ጭንብል ያጠለቀ የሚመስል እንስሳ የተጓዥን ሻንጣ ከፍቶ ዳቦ ይሰርቃል፤ ለጎንደርና ለሰሜን ተራሮች ተጓዥ ጭላዳን የሚያስታውስ ትዕይንት ነው፤ ልዩነቱ ጭላዳ ሣር ስለሚበቃው ሻንጣ አለመፈተሹ ነው።

ከመንገዱ ይልቅ በሩ ይበልጥ ሊነገርለት ይገባል። ፓርኩ በ1970 ሲከለል በውስጡና በዙሪያው የኖሩ ቤተሰቦች አልተጠየቁም ነበር። ኮኮናታቸውን፣ ዓሣቸውንና ማሳቸውን በአንድ ጊዜ የመንግሥት ሆኖ አገኙት። ኮኮዋው ሲጠፋ የቀራቸው ጎብኝ ብቻ ሆነ። በ1994 የአገሪቱ መንግሥት የውጭ ጎብኝ ለብሔራዊ ፓርኮች የሚከፍለውን የመግቢያ ዋጋ ከ2 ዶላር በታች ከነበረበት ወደ 15 ዶላር ከፍ አደረገ። ለትልልቅ ሆቴል እንግዳ 15 ዶላር ምንም አይደለም። በጀርባ ሻንጣ ለሚጓዘው ግን የአንድ ቀን ምግብና አልጋ ነው። የካዊታ ነዋሪዎች ይህን ወዲያው ተረዱት፤ እንግዳው በሩ ላይ 15 ዶላር ከከፈለ ከእነርሱ ምሳ አይገዛም፣ አስጎብኚ አይቀጥርም፣ ሁለተኛ ሌሊት አያድርም።

ነዋሪዎቹ በከተማው በኩል ያለውን መግቢያ ራሳቸው ያዙት። የተጠየቀውን ዋጋ እንዲነሣ አደረጉ፤ ጎብኝውን ያለ ክፍያ አስገቡ። በዱላና በድንጋይ የታጀበ ግርግር አልነበረም። በሩ ላይ ቆመው፣ ጎብኝውን ተቀብለው፣ ፓርኩን እየጠበቁ ከመንግሥት ጋር ለዓመታት ተደራደሩ። በ1990ዎቹ ማብቂያ የተደረሰበት ስምምነት ፓርኩ በመንግሥትና በነዋሪው ተወካዮች በጋራ እንዲተዳደር አስቻለ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ዓመታት በከተማው በር የሚገባ እንግዳ የፈቀደውን ያህል በሣጥን ሲጥል ቆይቷል፤ በሌላኛው በር ደግሞ የመንግሥት ተመን ይሠራል። ከፈቃድ ስጦታው የሚገኘው ገንዘብ ለመንገዱ ጥገና፣ ለጠባቂዎችና ለመሰል ሥራዎች ይውላል።

በግሌ ከዚህ ሁሉ የሚደንቀኝ የነዋሪዎቹ ስሌት ነው። በር ላይ የሚሰበሰብ ከፍተኛ ክፍያ ወደ ማዕከላዊው ካዝና ይሄዳል፤ ሲመለስ ምን ያህሉ እንደሚመለስ አይታወቅም። በሩ ሲቀል ግን ያው ዶላር በሃምሳ እጅ ይከፋፈላል። ለአንድ ፓርክ ወይም ለአንድ ጥንታዊ ቅርስ የመግቢያ ዋጋ የሚተምን አካል ሁሉ ይህን ልዩነት ቢያመዛዝነው መልካም ነው፤ ምንም እንኳ ጥበቃ ያለ ገንዘብ እንደማይሆን ቢታወቅም።

ከካዊታ ፊት ለፊት ባሕሩ ውስጥ የኮራል አለት ተዘርግቷል። ኮራል ድንጋይ ቢመስልም ጥቃቅን የባሕር እንስሳት በረጅም ዘመን የሚገነቡት ሕያው ቤት ነው። ጥንዶቹ የውኃ መነጽርና የመተንፈሻ ቱቦ አድርገው ከላይ እየዋኙ ያዩታል፤ ይህንንም የሚያደርጉት ከአካባቢው አስጎብኚ ጋር ብቻ ነው፣ የፓርኩ ደንብ ያስገድዳልና። ደንቡ ኮራሉን ከእግር ርግጫ ያድናል፤ ለዓሣ አጥማጁ ልጅም ሥራ ይሰጣል። ያም ሆኖ ኮራሉ እንደ ቀድሞው አይደለም። ሚያዝያ 22 ቀን 1991 በሬክተር መለኪያ 7 ነጥብ 6 የደረሰ የመሬት መንቀጥቀጥ ዳርቻውን መታው፤ የባሕሩ ወለል በአንዳንድ ቦታ ከአንድ ሜትር በላይ ወደ ላይ ተነሣ። ውኃው ሲሸሽ ሰፊ የኮራል ክፍል ለፀሐይ ተጋልጦ ሞተ። ከላይኛው ተፋሰስ ደን ሲመነጠር በጎርፍ የሚወርደው ደለልም በቀሪው ላይ ይተኛበታል። የአፈር መሸርሸር የባሕር ጉዳይም መሆኑን የሚያሳይ ነው።

ከኮራሉ መካከል ሁለት የተሰበሩ መርከቦች አሉ። የአካባቢው ሰው ለረጅም ጊዜ የባሕር ወንበዴ መርከቦች ናቸው ሲል ኖሯል። የአካባቢው ወጣቶች በማኅበረሰብ የመጥለቂያ ማዕከል ተደራጅተው መዋኘትና መጥለቅ ተማሩ፤ ያገኙትንም መዘገቡ፤ ከዴንማርክ የመጡ የባሕር አርኪዮሎጂ ባለሙያዎችም አብረዋቸው ቆፈሩ። በ2025 የዴንማርክ ብሔራዊ ሙዚየም ውጤቱን ይፋ አደረገ። እንጨቱ ከባልቲክ ባሕር አካባቢ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የተቆረጠ፣ ቢጫ ጡቦቹም ለዴንማርክ ይሠሩ ከነበሩት ጋር የሚመሳሰሉ ሆነው ተገኙ። መርከቦቹ በ1710 የተሰበሩት ፍሬደሪኩስ ኳርቱስና ክርስቲያኑስ ኩዊንቱስ የተባሉ የባሪያ ንግድ መርከቦች ናቸው። ከምዕራብ አፍሪካ ተግዘው ከነበሩት ሰዎች ከ600 በላይ የሚሆኑት በዚህ ዳርቻ ወረዱ፤ ከፊሎቹ ዳግም ተይዘው ሲሸጡ ሌሎቹ ወደ ደኑ ገቡ። ከዊሊያም ስሚዝ ከመቶ ዓመት በላይ ቀድሞ ማለት ነው። ባሕሩን ለመዝናናት የሚዋኝበት ጎብኝ ከሥሩ ይህ ታሪክ እንዳለ የሚነግረው የዚያው መንደር ልጅ ነው።

ቀጣዩ ጉዞ ወደ ወንዝ ነው። የብሪብሪ ሕዝብ በታላማንካ ተራሮች ግርጌ የሚኖር ነባር ሕዝብ ሲሆን ጎሣ የሚቆጠረው በእናት በኩል ነው። ኮኮዋ በእምነታቸው ክቡር ተክል ነው፤ የሥርዓት መጠጡን የሚያዘጋጁት ሴቶች ናቸው። ዮርኪን የተባለው መንደር የሚደረሰው ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ በተሠራ ረጅም ጀልባ፣ የፓናማን ድንበር በሚከተል ወንዝ ላይ አንድ ሰዓት ያህል ሽቅብ ተቀዝፎ ነው። ውኃው ሲጎድል እንግዳውም ወርዶ ጀልባውን ይገፋል። ለጥንዶቹ ይህ የሳምንቱ ትልቁ ጀብዱ ነው።

በዮርኪን ስቲብራውፓ የተሰኘ የሴቶች ማኅበር አለ። መሥራቾቹ እንደሚናገሩት በሽታው ኮኮዋውን ሲያጠፋ ባሎቻቸው ወደ ሙዝ እርሻዎች ለቀን ሥራ ሄዱ፤ ብዙዎቹም ከኬሚካል ርጭቱ ጤናቸው ታውኮ ተመለሱ። ሴቶቹ በ1980ዎቹ ተሰባስበው መጀመሪያ የእጅ ሥራ ሸጡ፤ ቀጥሎም እንግዳ መቀበል ጀመሩ። እንግዳው በሣር ክዳን ቤት ያድራል፣ የጣሪያ ቅጠል አሠራር ያያል፣ ቀስት ይወረውራል፣ የኮኮዋ ፍሬ ቆልቶ በድንጋይ ይፈጫል። የፈጨውን በሙቅ ውኃ በጥብጦ ይጠጣል። ወንዶቹም ቀስ በቀስ ተመልሰው በጀልባ ቀዘፋና በአስጎብኝነት ተሰማሩ።

ለአርሶ አደር አንባቢ ልብ ሊባል የሚገባው የዋጋው ጉዳይ ነው። ደረቅ የኮኮዋ ዘር ለነጋዴ የሚሸጥ ገበሬ የሚያገኘው የዓለም ገበያ የወሰነለትን ነው፤ ያው ገበሬ እንግዳ ተቀብሎ ከዛፉ እስከ ሲኒው ያለውን ሥራ ሲያሳይና አንድ ቁራጭ ቸኮሌት ሲሸጥ ከዚያው ዘር ብዙ እጥፍ ያገኛል። ይህ ግን ለሁሉም አይሆንም። እንግዳ የሚደርሰው ለመንገድ ቅርብ ወደሆነው ነው፤ ርቆ ያለው ገበሬ ማኅበር ያስፈልገዋል። በ1987 የተመሠረተው የታላማንካ አነስተኛ አምራቾች ማኅበር ያለ ኬሚካል የተመረተ ኮኮዋና ሙዝ ሰብስቦ ለውጭ ገበያ በማቅረብ ይህን ክፍተት ሲሞላ ቆይቷል። ቱሪያልባ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከልም በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎችን አውጥቷል። አሮጌውም ዘዴ አልተተወም፤ የታመመውን ፍሬ ነጩ ዱቄት ሳይወጣበት በየሳምንቱ ለቅሞ ማውረድ።

በምሽት ከተማዋ ውስጥ የሚመላለስ ኢትዮጵያዊ ቢኖር ሳይደነግጥ አይቀርም። የሱቆቹ በር፣ የጀልባው ጎን፣ የመጠጥ ቤቱ ግድግዳ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ነው። ከጃማይካ ጋር የመጣው የራስ ተፈሪያን እምነትና የሬጌ ሙዚቃ ያሳደረው አሻራ ነው። ከዚያም በፊት፣ በ1910 አካባቢ፣ ማርከስ ጋርቬይ በሊሞን የሙዝ እርሻ የሠራተኞች ሰዓት መዝጋቢ ሆኖ ሠርቷል፤ የእርሱ ንቅናቄ ደጋፊዎች በ1920ዎቹ በሊሞን ያሠሩት አዳራሽ በ2016 በእሳት እስኪወድም ድረስ የአካባቢው ጥቁር ሕዝብ መሰብሰቢያ ነበር። ዛሬ ቀለሞቹን በካናቴራ የሚገዛው ጎብኝ አብዛኛውን ጊዜ ከኢትዮጵያ ጋር እንደሚያያዙ አያውቅም።

ከሬጌ የቀደመው የአካባቢው ዜማ ግን ካሊፕሶ ነው። የካዊታው ዋልተር ፈርጉሰን ኮኮዋ የሚያመርት አርሶ አደርም ነበር። ዘፈኖቹን በቤቱ ተቀምጦ በካሴት እየቀዳ ለሚመጡ ጎብኝዎች ይሸጥ ነበር፤ እያንዳንዱን ካሴት ለየብቻ ስለሚቀዳው አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም። በኋላ ባለሙያዎች እነዚያን ካሴቶች ከዓለም ዙሪያ ፍለጋ ወጥተው ብዙዎቹን አግኝተዋል። በ2023 በ103 ዓመቱ አረፈ።

እንዲህ ሲወራ ሁሉም መልካም ይመስላል። አይደለም። ባሕሩ ራሱ በየዓመቱ ሰው ይወስዳል። በኮክሌስና በሌሎቹ ዳርቻዎች ወደ ጥልቁ የሚጎትት ድብቅ ጅረት አለ፤ የተያዘ ሰው ወደ ዳርቻው በቀጥታ ለመመለስ ሲታገል ኃይሉ ያልቃል። ማድረግ የሚገባው ከዳርቻው ጋር ትይዩ ወደ ጎን ዋኝቶ ከጅረቱ መውጣት፣ ከዚያ ወደ አሸዋው መመለስ ነው። ይህ በየትኛውም ባሕር ለሚዋኝ፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ላሉ ወገኖቻችንም ጭምር ይሠራል። መብራት ሲስፋፋም ያልተሸፈነ የኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ የሚሻገሩ ጦጣዎችና ስሎዞች ይቃጠላሉ፤ የተረፉትን የሚያክም የእንስሳት ማገገሚያ በመንገዱ ዳር ተቋቁሟል።

ትልቁ ጭንቀት ግን መሬት ነው። በ1980ዎቹ የኮኮዋ ማሳውን በርካሽ የሸጠው ቤተሰብ ልጅ ዛሬ በዚያው ቦታ በተሠራ የውጭ ዜጋ ማደሪያ አልጋ አንጣፊ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ። የቤት ኪራይ ለእንግዳ በሚከፈለው ዋጋ ስለሚተመን ለመምህሩና ለነርሷ አይቀመስም። ጥንዶቹ ገንዘባቸውን ሲያወጡ ይህን ሊለዩ ይችላሉ፤ አልጋው የማን እንደሆነ መጠየቅ፣ ምሳውን ከእናቲቱ ቤት መብላት፣ አስጎብኚውን ከመንደሩ መያዝ። የሚጠይቅ ጎብኝ ግን ብዙ አይደለም፤ ደግሞም ድካም የያዘው መንገደኛ ከአውቶቡስ ወርዶ መጀመሪያ ወዳየው በር ይገባል።

በ1977 የወጣው የአገሪቱ የባሕር ዳርቻ ሕግ ከማዕበሉ ከፍተኛ መስመር ጀምሮ ያለው 50 ሜትር የሕዝብ እንዲሆንና ማንም እንዳያጥረው፣ ተከታዩ 150 ሜትር ደግሞ በማዘጋጃ ቤት ፈቃድ ብቻ እንዲያዝ ደንግጓል። ለጎብኝው ሕጉ በረከት ነው፤ በየትኛውም ዳርቻ ፎጣውን ዘርግቶ ሊተኛ ይችላል፣ የትኛውም ሆቴል አያባርረውም። ለካዊታና ለፑዌርቶ ቪዬሆ ነባር ቤተሰቦች ግን ያው ሕግ ከሌላ ጎኑ ይቆርጣል፤ አያቶቻቸው ሕጉ ሳይኖር በውኃው ዳር የሠሩት ቤት ከ50 ሜትሩ ውስጥ ወድቋል። በ1985 የተከለለው የማንዛኒዮ የዱር እንስሳት መጠለያም የመንደር ቤቶችን አብሮ ከለለ። ለዓመታት የማፍረስ ትእዛዝ ሲያንዣብብባቸው ኖረው በ2014 የደቡብ ካሪቢያን ነዋሪዎችን መብት የሚያውቅ ልዩ ሕግ ወጣላቸው። ከጊዜ በኋላ ግን የአገሪቱ ሕገ መንግሥታዊ ችሎት ደን ከመጠለያው የሚያወጣውን የሕጉን ክፍል ሽሮታል። ቤታቸው በውኃው ዳር ያለ ቤተሰቦች ጉዳያቸውን ይዘው ዛሬም በማዘጋጃ ቤቱና በፍርድ ቤቱ መካከል ይመላለሳሉ።